የመስመሩ የመጨረሻ ክንድ

በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በመንዝና በአካባቢው፣ መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ ወይም ራቤል ላይ ያለ አንድ ቤት ኢንተርኔቱ ሲጠፋበት መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፤ ጥፋቱ ከደጅ ነው ወይስ ከቤት? ከደጅ ከሆነ፣ ማለትም ማማው መብራት አጥቶ ወይም ገመዱ ተበጥሶ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ከመጠበቅ በቀር ምርጫ የለውም። ከቤት ከሆነ ግን የላላ መሰኪያ፣ የተደመሰሰ የይለፍ ቃል ወይም ለኮምፒውተሩ አድራሻ ያልሰጠ ራውተር ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሩብ ሰዓት የሚፈታ ነው። ሁለቱን የሚለይ ሰው በቤቱ ከሌለ የሩብ ሰዓቱ ሥራ ባለሙያ እስኪመጣ ድረስ ይቆያል፣ ባለሙያውም የሚመጣው ከሩቅ ነው። መስመሩን እስከ ግድግዳው የሚያደርሰው ባለሙያ ነው። ከግድግዳው እስከ ኮምፒውተሩ ያለችውን የመጨረሻ ክንድ ግን የቤቱ ሰው ካላወቃት የምትሠራው በዕድል ነው። ስለዚህ ያቺን ክንድ የምታሠራው ዕውቀት መስመሩ በገባበት በዚያው ቀን፣ በአማርኛ፣ በወረቀት ላይ ሰፍራ ለቤቱ መሰጠት አለባት እላለሁ። መብት ናት፤ ከአገልግሎቱ ጋር አብራ የተገዛች ናት።

ነገሩ ለምን እኛን ከሌላው ይልቅ እንደሚከብደን ለማየት ከሩቅ ልነሣ። በአሜሪካና በካናዳ ብዙ ቤት የሚጠቀመው የኬብል ሞደም ነው። እዚያ የኬብል ቴሌቪዥን ገመድ ኢንተርኔት ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት ከቤት ቤት ተዘርግቶ ነበር፤ በ1989 ዓ.ም. ዶክሲስ የተባለው የጋራ ደንብ ሲወጣ በተለያየ ፋብሪካ የተሠራ ሞደም በዚያው ገመድ ላይ መግባባት ቻለ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንበኛው የኮምፒውተሩን የኔትወርክ ካርድ ቁጥር ማስመዝገብ፣ አንዳንዴም አድራሻውን በእጁ መሙላት ነበረበት። ዛሬ ያ ሁሉ ቀርቷል። ገመዱን ማጥበቅ፣ ሞደሙን ማብራት፣ መብራቶቹ እስኪረጉ መጠበቅ ነው። ሞደሙ ፋብሪካ በሰጠው ቁጥር ለኩባንያው ራሱን ያስታውቃል፤ ኩባንያው የፍጥነቱን ልክና ሌላውን ትእዛዝ የያዘ ፋይል ይልክለታል፤ ኮምፒውተሩም ማንም ሳይነካው ከራውተሩ አድራሻ ይቀበላል። ደንበኛው እንዲያስታውስ የሚገደደው የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በአጭሩ፣ ዕውቀቱ ከቤቱ ወጥቶ ወደ ኩባንያው ተዛውሯል፤ ኩባንያው ቅርብና መንገዱ የተመቸ ስለሆነም ቤቱ ብዙ አልተጎዳም።

በእኛ አገር ይህ መንገድ አልተከፈተም። ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር የመጣው በአየር ነው፤ በኋላም ሕዝቡ ተጨማሪ ጣቢያ ሲፈልግ ጣሪያው ላይ ዲሽ ሰቀለ፣ ገመድ ወደ ቤቱ የሳበለት አልነበረም። ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው ዶክሲስ በወጣበት በዚያው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ በቤት ያገኘውም ገመድ የስልኩን ብቻ ነበር። መጀመሪያ እየጮኸ የሚደውለው ዳያል አፕ፣ ቀጥሎ ኤዲኤስኤል፣ ከዚያ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር፣ በትልልቅ ከተሞችም ፋይበር መጣ። እነዚህ ሁሉ ከኬብሉ ሞደም በአንድ ነገር ይለያሉ፤ ከቤቱ ሰው የሚጠብቁት ነገር አለ። ኤዲኤስኤል ሞደም ውስጡ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ካልተጻፈለት የስልኩ ገመድ ደህና ሆኖም ወደ ኢንተርኔት አይወጣም። በስልኩና በሞደሙ መካከል የምትገባዋ ትንሽ መክፈያ፣ ስፕሊተር የምትባለው፣ በትክክል ካልተሰካች ስልክ በተነሣ ቁጥር መስመሩ ይቋረጣል። ሲም የሚወስደው ራውተር ደግሞ ኤፒኤን የሚሉት የመግቢያ በር ስም በትክክል ካልተሞላለት ምልክቱ ሙሉ እያሳየ ኢንተርኔት ላይሰጥ ይችላል። እንግዲህ የእኛ አገር ደንበኛ ማወቅ የሚገባው ከኬብሉ ደንበኛ ይበልጣል፤ የመሣሪያው የቅንብር ገጽ ግን በእንግሊዝኛ ነው፣ ወረቀትም የሚተውለት የለም። የክርክሬ መሠረት ይህ ልዩነት ነው።

ከሁሉ የበለጠ የሚያስቆጨኝ ከሞደሙ ጀርባ ያለችው በመርፌ የምትነካ ቀዳዳ ናት። መሣሪያው ሲያስቸግር አንድ ሰው ያቺን ቀዳዳ በስክሪብቶ ጫፍ ይጫናታል፤ አጥፍቶ የማብራት ያህል ይመስለዋል። ቀዳዳዋ የምትሠራው ግን ሌላ ነው፤ መሣሪያውን ከፋብሪካ እንደወጣበት ቀን አድርጋ ትመልሰዋለች። የመግቢያው ስም፣ የይለፍ ቃሉ፣ የዋይፋዩ ስም በሙሉ ይደመሰሳል። ስሙና ቃሉ በወረቀት ያለው ቤት በአምስት ደቂቃ መልሶ ይሞላቸዋል፤ ከራውተሩ ሆድ ሥር በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ያለውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 የሚለውን፣ በኮምፒውተሩ ማሰሻ ላይ ጽፎ መግባት ነው። ወረቀት የሌለው ቤት ግን መስመሩ ሳይበጠስ፣ ሞደሙ ሳይቃጠል፣ ወርኃዊ ክፍያው ሳይቋረጥ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚህ የባሰ ኪሣራ አላውቅም፤ ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ አገልግሎቱ ብቻ የለም።

ሌላውም ዕውቀት እንዲሁ ቀላልና ወሳኝ ነው። ኮምፒውተሩ ከራውተሩ አድራሻ ሳያገኝ ሲቀር ለራሱ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ይሰጣል፤ ያንን ቁጥር ያየ ሰው ጥፋቱ በኮምፒውተሩና በራውተሩ መካከል መሆኑን ወዲያው ያውቃል፣ ማማውንም ኩባንያውንም አይወቅስም። ኮምፒውተሩ በ192.168 የሚጀምር አድራሻ ኖሮት ገጽ የማይከፍት ከሆነ ግን ችግሩን ከራውተሩ ጀምሮ ወደ ውጭ መፈለግ ነው። ይህችን መለያ ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም፤ ቁጥር ማንበብ በቂ ነው። በፓኬጅ የሚጠቀም ቤት ደግሞ ለዊንዶውስ መስመሩ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን በሴቲንግ ካላስታወቀ፣ ኮምፒውተሩ ማደሻዎችን በራሱ እያወረደ የወሩን ዳታ በአንድ ሌሊት ሊጨርሰው ይችላል። ስንት ቤት ነው ዳታው ተሰረቀ ብሎ የሚያማርረው፣ የጨረሰበት የገዛ ኮምፒውተሩ ሳለ!

ደጋው የራሱ ነገር አለው። የመንዝ የቆየ ቤት የድንጋይ ነው፤ ብርዱን ለመመከት ግድግዳው ወፍራም ተደርጎ የተካበ። ያ ግድግዳ ብርዱን እንደሚያቆመው የዋይፋዩንም ሞገድ ያዳክመዋል። ራውተሩ በአንዱ ክፍል ጥግ ከተቀመጠ በማዶው ክፍል ያለ ተማሪ ምልክት ያጣል፤ መስመሩ ደከመ ይባላል፣ መስመሩ ግን አልደከመም። መፍትሔው ራውተሩን ወደ ቤቱ መካከል ማምጣት ወይም የኔትወርክ ገመድ መሳብ ነው፤ ተራው የኔትወርክ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያለ ችግር ይሠራል። የቆርቆሮ ቤት በበኩሉ ከማማው የሚመጣውን ሞገድ ስለሚመልስ ሲም ያለው ራውተር መስኮት አጠገብ፣ ከተቻለም ማማው ወዳለበት አቅጣጫ ሊቀመጥ ይገባዋል። መብረቁስ? በሐምሌና በነሐሴ በዚያ ከፍታ ላይ ነጎድጓድ የዕለት ነገር ነው። ከምሰሶ የሚወርድ የመዳብ የስልክ ገመድ የመብረቁን ኃይል ወደ ሞደሙ ይዞ ይገባል፤ ሰው ብዙ ጊዜ የኤሌክትሪኩን ይነቅልና የስልኩን ይረሳል። ሁለቱም መነቀል አለባቸው። ለአዲስ አበባ ቤት የተጻፈ መመሪያ ይህን አይልም፤ ለመንዝ የሚጻፈው ግን በመጀመሪያው መስመር ሊለው ይገባል።

አሁን ርቀቱን አስቡት። የዞኑ ከተማ ደብረ ብርሃን ነው። ከመሐል ሜዳ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ለመድረስ በጓሳ ሜዳ ዳር አልፎ ጣርማ በር መውጣት ነው፤ ከጊሼ ራቤል የሚነሣ ደግሞ ገና ከዚያ በስተሰሜን ነው። መርሐቤቴ የባሰ ነው፤ ዓለም ከተማ በዞኑ ውስጥ ሆና ሳለ መንገዷ ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በለሚና በሙከ ጡሪ በኩል ወደ አዲስ አበባ ይወጣል። በዚህ መልክዓ ምድር ላይ አንድ ባለሙያ ለአንድ የላላ መሰኪያ ቀኑን ሙሉ ቢጓዝ ለኩባንያውም ለደንበኛውም ኪሣራ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ብሂል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ በየመንደሩ ወረቀቷን አንብቦ የሚረዳ አንድ ሰው ካለ ከሩቅ የሚጠበቀው ባለሙያ ለእውነተኛው ብልሽት ይቆጠባል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ያየነው ምሳሌ አለ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሳተላይት የሚተላለፈው የፕላዝማ ትምህርት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲገባ አገሪቱ ብዙ ገንዘብ አፍስሳለች። በዚያው ዘመን ወረዳኔት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይት አገናኝቷል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ለሩቅ ገጠርም የታሰበ ነበር። ነገር ግን መሣሪያው ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ ዕውቀቱ አብሮት አልሄደም። መብራት ሲሄድ፣ ገመድ ሲላቀቅ ወይም መቀበያው ሲበላሽ የሚያነሣው ሰው በቦታው ስላልነበረ ብዙ ስክሪኖች የግድግዳ ጌጥ ሆነው ቀሩ። መምህሩ የመሣሪያው ጠባቂ እንጂ ባለቤት አልተደረገም ነበር። በ2005 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት የቻይና ኩባንያዎች ጋር የ1.6 ቢሊዮን ዶላር የቴሌኮም ማስፋፊያ ውል ሲፈርም ማማዎቹ በዙ፣ ሽፋኑም ሰፋ፤ ይህ ትልቅ ሥራ ነው፣ አላሳንሰውም። ማማው እስከ መንዝ ከደረሰ በኋላ ግን በፕላዝማው ላይ የተሠራው ስሕተት በቤት ሞደም ላይ ሊደገም አይገባም።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ግልጽ ነው፤ በእነዚህ ወረዳዎች የቤት ኮምፒውተር ያለው ስንት ሰው ነው? ሕዝቡ ስልክ አለው፣ ስልኩም ይበቃዋል ይባላል። ቁጥሩ ለዚህ ተቃውሞ ያደላ ይመስላል፤ በ2016 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ከ70 ሚሊዮን በላይ የሞባይል ደንበኞች ሲኖሩት የመደበኛ ብሮድባንድ ደንበኞቹ ገና አንድ ሚሊዮን አልሞሉም። ግን ይህ ልዩነት የሚያሳየው የቤት መስመር አለመፈለጉን ነው ወይስ አለመድረሱን? የስልክ ኢንተርኔት የባለ ስልኩ ነው። አባት ወደ ገበያ ሲሄድ ኪሱ ውስጥ አብሮ ይሄዳል፤ እቤት የቀረችው ልጅ የምትማርበት የለም። የቤት መስመር ግን የቤተሰብ ነው፣ እንደ ምድጃው ለሁሉም ይሞቃል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለከፊሉ ተማሪ በኦንላይን ተሰጥቷል፤ ውጤቱም የሚታየው፣ የዩኒቨርሲቲ ምደባውም የሚሞላው በኢንተርኔት ነው። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ የዘመሮ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ ጋር በአንድ ስክሪን ፊት ሲቀመጥ የሚፈተነው በትምህርቱ ብቻ ሳይሆን በማውሱና በኪቦርዱም ነው። ደግሞም በስልክ ሆትስፖት ላፕቶፕ የሚያገናኝ ሁሉ ያው የቅንብር ጥያቄ ይገጥመዋል፤ የይለፍ ቃል፣ አድራሻ፣ በራሱ የሚወርድ ማደሻ። ወረቀቷ ለእርሱም ትሠራለች።

ሁለተኛው ተቃውሞ የባለሙያዎቹ ነው፤ ይህ የእኛ ሥራ ነው፣ ደንበኛ ሴቲንግ ከነካ ያበላሸዋል ይላሉ። የሚሉት እውነትነት አለው፤ ያቺ በመርፌ የምትነካ ቀዳዳ ምስክር ናት። ነገር ግን ሰው የሚያበላሸው ሳያውቅ ሲነካ ነው፣ መንካቱንም ማንም ሊከለክለው አይችልም፣ መሣሪያው ሳሎኑ ውስጥ ነውና። ቤተሰብ ሁሉ የመብራት ቆጣሪው ሲወድቅ መልሶ ማንሣት ያውቃል፤ በዚህ ምክንያት ኤሌክትሪሻን ሥራ አላጣም፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ የነካ ቤተሰብም የለም። የት ድረስ የእኔ እንደሆነ፣ ከየት ጀምሮ የባለሙያው እንደሆነ የሚታወቅ ድንበር አለ። ሞደም ይህ ድንበር ስላልተሰመረለት ነው ወይ ሁሉም የሚፈራው ወይ ሁሉም የሚጎረጉረው። የመንዝ ሰው ደንብ ማክበር ይቸግረዋል የሚል ካለ ደግሞ ጓሳን ሄዶ ይይ። ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ያንን የጓሳ ሣር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ያቆየው የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ነው፤ መቼ ተዘግቶ እንደሚቆይ፣ መቼ ተከፍቶ እንደሚታጨድ ደንቡን ተጠቃሚው በሙሉ ያውቀው ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ያ ሥርዓት ሲናጋ እንኳ ሕዝቡ ተሰብስቦ በአዲስ መተዳደሪያ መልሶታል። ደንቡ የሚታወቅ ንብረት ይጠበቃል።

ከዚሁ ጋር የደኅንነት ጥያቄ ይነሣል፤ የይለፍ ቃል በወረቀት ጽፎ መለጠፍ አደጋ አይደለም ወይ? በባንክ ቢሮ ውስጥ ቢሆን እስማማለሁ። በቤት ውስጥ ግን ትልቁ አደጋ ሌላ ነው፤ ከፋብሪካ የመጣው የታወቀ የይለፍ ቃል ሳይለወጥ መቅረቱ። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዓለም ዙሪያ ብዛት ያላቸው ራውተሮችንና ካሜራዎችን የያዘው በረቀቀ ጥበብ አልነበረም፤ ማንም ያልለወጣቸውን የፋብሪካ ስሞችና ቃሎች እየሞከረ ነው። በእነዚያ መሣሪያዎች ጉልበት በአሜሪካ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ተዘግተው ነበር። የራውተሩን ቃል ለውጦ አዲሱን በመሳቢያ ያስቀመጠ ቤት፣ የፋብሪካውን ቃል ትቶ ምንም ካልጻፈው ቤት እጅግ በተሻለ የተጠበቀ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ሦስተኛው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ መብራትም በየጊዜው ይጠፋል። መስመሩ ራሱ ከሌለ ስለ ቅንብር ማውራት ምን ይረባል? ይህን የሚጠይቅ ሰው በሕመም ስለሚጠይቅ መልሱም በጥንቃቄ መሰጠት አለበት። መስመር መዝጋትን የሚያክስ ወረቀት የለም፤ መዘጋቱም ትክክል ነው አልልም። ነገር ግን ራውተር ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ቤቱን ከውጭው ዓለም ማገናኘት ነው፤ ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ በቤት ወይም በትምህርት ቤት ያሉትን መሣሪያዎች እርስ በርስ ማገናኘት ነው። የውጭው መስመር ሲቋረጥ ሁለተኛው ሥራ አይቋረጥም። አንድ ኮምፒውተር ላይ የመማሪያ መጻሕፍትና ያለፉ ዓመታት ፈተናዎች ተቀምጠው፣ ኪዊክስ በተባለው ነፃ ፕሮግራምም ሙሉ ዊኪፔዲያ ተጭኖ፣ ሠላሳ ተማሪ ያለ ኢንተርኔት በስልኩም በላፕቶፑም በዋይፋይ ሊያነበው ይችላል። የአማርኛው ዊኪፔዲያ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ጽሑፎች አሉት፤ ለእጅ ፍላሽ የሚበዛ አይደለም። መብራቱም ቢሆን ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት የሚሠሩና ጥቂት ዋት ብቻ የሚፈልጉ ስለሆኑ ትንሽ ባትሪና የፀሐይ ሰሌዳ ያቆያቸዋል። ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ራውተሩን ከፍቶ ማየት የሚያውቅ ሰው ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ መስመሩ የማይታመንበት አካባቢ ቅንብሩን ማወቅ የበለጠ ያስፈልገዋል።

ወረቀቷ ምን ትያዝ? አንድ ገጽ ትበቃለች። የመግቢያው ስምና የይለፍ ቃል፣ የራውተሩ አድራሻ፣ በሲም ከሆነም የኤፒኤኑ ስም። እያንዳንዱ መብራት ምን ማለት እንደሆነና የትኛው ሲጠፋ መጠበቅ፣ የትኛው ሲጠፋ መሰኪያ ማየት እንደሚገባ። ያቺ ቀዳዳ ለምን እንደማትነካ። ነጎድጓድ ሲመጣ ሁለቱም ገመዶች እንደሚነቀሉ። ከታች የአቅራቢው የደንበኞች ጥሪ ቁጥር (ለኢትዮ ቴሌኮም 994)፣ ደውሎም ምን ብሎ መናገር እንደሚገባ፤ "ኔትወርክ የለም" ከማለት "የመስመሩ መብራት በርቷል፣ የኢንተርኔቱ ግን ጠፍቷል" ማለት ለሰሚው ባለሙያ ግማሹን ሥራ ይሠራለታል። ይህን ማዘጋጀት የአቅራቢዎቹ ግዴታ መሆን አለበት፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገበያው የአንድ ኩባንያ ብቻ ስላልሆነ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለሁሉም እኩል ሊያዘው ይችላል። እስከዚያው ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪዎች አሉት፤ ብዙዎቹም የእነዚሁ ወረዳዎች ልጆች ናቸው። ለክረምት ወደ ቤታቸው የሚመለሱት መብረቁ በሚበዛበት በሐምሌ ነውና ረቂቁን በሰኔ ጨርሰው፣ ወደ ሞላሌም ወደ ዓለም ከተማም የሚሄደው እየያዘው ቢወርድ፣ በመጀመሪያ የሚሞከረው በገዛ ወላጆቻቸው ሞደም ላይ ይሆናል።